አክስቴን ይዤ ሆስፒታል ዋልኩ
ከአገጯ ስር አብጦ ድንጋይ ሆኗል። አፏ አልከፈት ብሎ ምራቋን በሶፍት ስትጠርግ ነው የዋለችው። ከአምስት ቀን በፊት ገበያው አጠገብ አንድ ሰው መንጋጋ ጥርሷን ነቀለላት። ስኳር አለብሽ ወይ ብሎ እንኳን አልጠየቃትም፤ እሷ ደግሞ ስኳር አለባት! ጉጠቱን ከፍል ውሃ አውጥቶ በጨርቅ ጠረገው አለችኝ። የጥርስ መሣሪያ እኮ ማሽን ውስጥ ገብቶ በእንፋሎት ግፊት፣ በ121 ዲግሪ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ አለዚያ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። የጥርሷ ሥር ስባሪ እዚያው ቀርቶ መግል ቋጥሯል። እብጠቱ ምላስ ስር ከተስፋፋ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል ሲለኝ ሐኪሙ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ለምን ሄድሽ አልኳት። «እሱ ጋ ወረፋ የለም ብለውኝ ነው ልጄ» አለችኝ፣ ቃሉ በግድ እየወጣላት።