የሚዘሉትን ሙታን ፍለጋ፣ ሆንግ ኮንግ ድረስ

ሆንግ ኮንግ የገባሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከጓንጁ በተነሳ ፈጣን ባቡር ነው። የንግድ ጉዳዬን ጨርሼ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሦስት ቀን ቀርቶኝ ነበር። የመንገድ ጓደኞቼ ቀሪውን ጊዜ ጨርቅ ገበያ ውስጥ ሊያሳልፉ ወሰኑ። እኔ ግን ከአገሬ ሳልነሳ የመግቢያ ፈቃድ ያወጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። ልጅ ሳለሁ ደሴ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያየኋቸውን የሚዘሉ ሙታን አገራቸው ሄጄ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር።

የቪዲዮ ቤቷ መስኮት በብርድ ልብስ ይጋረዳል። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። የጥንት ሹማምንት ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸው የገረጣ ሬሳዎች እጆቻቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ሁለት እግራቸውን ገጥመው እየዘለሉ ይመጣሉ። ግንባራቸው ላይ ቢጫ ወረቀት ከተለጠፈባቸው ባሉበት ይደርቃሉ። ወረቀቱ ከወደቀ ደግሞ ሰውን የሚያገኙት በትንፋሹ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ትንፋሻቸውን ሲይዙ እኛም እንይዛለን። ሠላሳ አርባ ልጅ ፀጥ! ከዚያ አንዱ መቻል ያቅተውና ይፈነዳል፤ ቤቱም በሳቅ ይናጋል። ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ እያነበበ የሚተረጉምልን ታላቅ ወንድሜ ነበር። እስከ ዛሬ ወንድም ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ጽሑፉ ሲያመልጠው ከራሱ ይጨምርበት እንደነበር የነገረኝ ሁለታችንም ካገባን በኋላ ነው።

ሆንግ ኮንግ ላይ የተቀበሉኝ የጓንጁ ደንበኛዬ አጎት ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ። “ሱክ በለኝ” አሉኝ። በሆንግ ኮንግ በሚነገረው በካንቶንኛ የአባት ታናሽ ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው ለማንኛውም በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው ይነገራል። በእንግሊዝኛ እየተግባባን በመጀመሪያ ቺም ሻ ቹይ የባሕሩ ዳር ላይ ወዳለው የከዋክብት ጎዳና ወሰዱኝ። የብሩስ ሊ ሐውልት ሥር ፎቶ ለመነሳት ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። ብሩስ ሊን አከብራለሁ፤ የመጣሁት ግን ለእሱ ስላልነበር ብዙ አልቆየሁም።

በማግስቱ በምድር ውስጥ ባቡር ሄደን ሳይ ዋን ሆ ወረድን። በ2001 የተከፈተው የሆንግ ኮንግ የፊልም ቤተ መዛግብት እዚያ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። ቀድመን ባስያዝነው ቦታ ተቀምጠን በ1985 የወጣውን “ሚስተር ቫምፓየር” ከፈትን። ሪኪ ላው ያዘጋጀው፣ ሳሞ ሁንግ ፕሮዲዩሰር የሆነበት ፊልም ነው። ደሴ ላይ ከተቀዳ ካሴት ላይ የተቀዳ፣ ዝናብ የሚዘንብበት የሚመስል ምስል ነበር ያየሁት። አሁን የቢጫው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀይ ፊደል እንኳን ይነበባል።

በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ የተተከለው ሬሳዎቹ ላይ ሳይሆን ላም ቺንግ ዪንግ ላይ ነው። ሁለት ቅንድቦቹ የተጋጠሙ፣ ታኦ የተባለው የቻይናውያን ነባር ሃይማኖት ቄስ ሆኖ ይጫወታል። ደቀ መዛሙርቱ ሲደናበሩ፣ ሲወድቁ፣ ሲጮኹ እሱ ፊቱ ላይ አንዲት የሳቅ ምልክት የለችም። ሰይፉን የሚያነሳው፣ ቀለሙን የሚበጠብጠው፣ ጸሎቱን የሚደግመው በእውነተኛ ቄስ ጥንቃቄ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በቻይና ኦፔራ የሠለጠነ፣ በኋላም ከብሩስ ሊ ጋር የሠራ ሰው ስለሆነ እጁ አየር ላይ ያለ ሥራ አይንቀሳቀስም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያሳቀን የእሱ ቁም ነገር መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። እሱ ባያምንበት ኖሮ የሚዘል ሬሳ ተራ ቀልድ ሆኖ በቀረ ነበር። በ1997፣ ገና በ44 ዓመቱ ማረፉን ሱክ ሲነግሩኝ የማውቀው ሰው የሞተብኝ ያህል ተሰማኝ።

“ለምንድን ነው የሚዘሉት?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የያዝኩት ጥያቄ ነው።

ሱክ መነጽራቸውን አወለቁ። በቻይናዋ ሁናን ግዛት ምዕራብ የሚነገር የቆየ ታሪክ አለ አሉኝ። ከቤቱ ርቆ ለሥራ የሄደ ሰው እዚያው ይሞታል። ቤተሰቡ ሬሳውን የሚያስመጣበት ገንዘብ የለውም፤ በባዕድ አፈር መቀበር ደግሞ ለነፍሱ ዕረፍት ይነሳል። ስለዚህ አንድ የታኦ ቄስ ይቀጠራል፤ ሟቾቹን በሌሊት፣ ደወል እያቃጨለ፣ በራሳቸው እግር ወደ አገራቸው ይነዳቸዋል። አንዳንዶች እንደሚሉት ሬሳዎቹ በረጃጅም የቀርከሃ ዘንጎች ላይ ታስረው ነበር፤ ከፊትና ከኋላ የተሸከሟቸው ሰዎች ሲራመዱ ቀርከሃው ስለሚለምጥ ከሩቅ ላየ ሰው የሚዘሉ ይመስሉ ነበር።

“ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው” አሉ ሱክ።

መልስ አልነበረኝም። በሰው አገር ለሞተ ልጅ በየከተማው ገንዘብ ሲዋጣ፣ አስከሬኑ ቦሌ እስኪደርስ እናቱ ደጅ ደጁን ስትመለከት ያየሁ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ሳቅ ከዚህ የተነሳ መሆኑን ልጅ ሆኜ ማንም አልነገረኝም። ወንድም ጋሼም አላወቀም።

ማታ አንድ ሻይ ቤት ገብተን በወተት የወፈረ ሻይ ጠጣን። ሱክ ስለ ልጅነታቸው ማውራት ጀመሩ። በ1964 የወጣ አንድ የካንቶንኛ ፊልም ነበር፤ ጀግናው መዳፉን ሲዘረጋ ከመሃሉ ጨረር ይወጣል። ጨረሩ ፊልሙ ላይ በእጅ የተሳለ ነው። የቡድሃ መዳፍ ይሉታል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በመዳፍ እየተመታቱ፣ ሳይነካኩ ይወድቁ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ የሆንግ ኮንጉ ኮሜዲያን ስቴፈን ቻው “ኩንግ ፉ ሀስል” የተባለውን ፊልሙን የደመደመው በዚያው መዳፍ ነው። “ሲኒማ ቤት ውስጥ አለቀስኩ” አሉኝ፤ “ሌላው ሰው ይስቃል፣ እኔ አለቅሳለሁ።”

የቻው ቀልድ “ሞ ሌይ ታው” ይባላል። በእኛ አባባል መያዣ መጨበጫ የሌለው ነገር እንደማለት ነው። ሱክ ጥቂት ምሳሌዎች ቢነግሩኝም አንዱም አላሳቀኝም፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ሲያስረዱኝ ነው። ካንቶንኛ ስድስት የድምፅ ከፍታዎች አሉት፤ አንዱ ቃል ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ሌላ ቃል ይሆናል። እኛ ገና ብለን ስናላላው ያልደረሰ ነገር፣ ስናጠብቀው ደግሞ የልደት በዓል እንደሚሆነው ማለት ነው። ከሥር የሚወጣው እንግሊዝኛ ይህን ሊያሻግር አይችልም። ይህ ቋንቋ ከሲኒማ ሊጠፋ ተቃርቦ እንደነበር ስሰማ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ማንዳሪን የተባለው ሌላው የቻይና ቋንቋ ገበያውን ስለያዘው በ1972 አንድም የካንቶንኛ ፊልም አልወጣም። በዓመቱ፣ በአንድ ግቢ ስለተጨናነቁ ሰባ ሁለት ተከራዮች የሚያወራ ኮሜዲ ሕዝቡን በገዛ አንደበቱ አሳቀውና ቋንቋው ወደ ሸራው ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመመለሴ በፊት፣ ብቻዬን ወጥቼ ያው ማ ቴይ ውስጥ አንድ የእህል ሱቅ ገባሁ። ፊልሙ ላይ ሬሳ የነከሰውን ሰው መርዙን የሚያወጣለት፣ ሲበስል እንደ ሙጫ የሚያያዘው ሩዝ ነው፤ ኖ ማይ ይሉታል። ደቀ መዝሙሩ ሊገዛ ሲላክ ባለ ሱቁ ተራ ሩዝ ቀላቅሎ ይሸጥለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መከራ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ለወንድም ጋሼ አንድ ኪሎ ልወስድለት ነው የገባሁት። ባለ ሱቋ መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴት ናት። መዝና ስታቀብለኝ ከረጢቱን ከፍቼ እፍኝ ዘገንኩና፣ በያዝኳት ጥቂት እንግሊዝኛ፣ “ሌላ ሩዝ አልተቀላቀለበትም?” አልኳት።

አንድ አፍታ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ የሚዛኑን ሰሐን አስቀምጣ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች፤ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች፣ እግሮቿን ገጠመች፣ እስከ በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ ዘለለች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።