ሁለት እንግዴ ልጅ

የምሠራው አንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ውስጥ ነው። ነርስ ነኝ። በገዛ እጄ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ኮሪደሩ በእናቶች ጢም ብሏል። አንዲት ወጣት ከእናቷና ከእህቷ ጋር መንታ ወንዶች ይዛ ገባች። 45 ቀናቸው ነው።

«ሲስተር፣ ትልቁ ልጅ መርፌ እንዳይወጋ ብለውኛል» አለችኝ።

በስምንተኛው ቀኑ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ነበር። ፋሻ በፋሻ ላይ ቢደረብም እየራሰ አስቸገረ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከና ሄሞፊሊያ ኤ እንዳለበት ታወቀ። በዘር የሚመጣ ሕመም ነው። ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች አንዱ፣ ፋክተር 8 የሚባለው፣ ይጎድላል። ቤተሰቡ ደንግጦ ታናሹን ሳያስገርዝ ቀረ።

«ይሄኛውስ?» አልኳት።

«ይሄኛው ደህና ነው። ምንም አልሆነም።»

ካርዱን ገለጥኩ። የወሊድ ማስታወሻው ላይ «እንግዴ ልጅ፦ 2» ተብሎ ተጽፏል። «እንግዴ ልጃቸው ለየብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት መንታ አይደሉም ማለት ነው። የወንድሙ ሕመም እሱን አያገኘውም» አልኩ። እናትየዋ ፊቷ በራ። ያ የፊቷ ብርሃን እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

ጠብታዎቹን በአፉ ሰጠሁት። ግራ ጭኑን ፔንታ የሚባለውን አምስት በአንድ ክትባት፣ ቀኝ ጭኑን የሳንባ ምች መከላከያውን ፒሲቪ ወጋሁት። ጥጥ ነካ አደረግኩና ቀጣዩዋን ጠራሁ።

በማግስቱ ገና ጋዋኔን ሳልለብስ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አያትየው ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። የልጁ ግራ ጭን አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። መርፌው የገባበት ዙሪያውን ጠቁሯል። ጣቴን ሳሳርፍበት ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ። ጉልበቴ ከዳኝ።

እህትየዋ ከቦርሳዋ አራት የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ከሆስፒታሉ የተጻፈ ነው። የመጨረሻው መስመር «ወንድሙም ይመርመር» ይላል። ቀጠሮው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ያ ወረቀት ትናንትም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር። «እስቲ ወረቀት ካለ አሳዩኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

በአምቡላንስ አብሬያቸው ሄድኩ። ምርመራው እንደ ወንድሙ ሆኖ ወጣ። ፋክተር 8 ተሰጠውና እብጠቱ በቀናት ውስጥ ጎደለ።

የሕፃናት ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ወረቀት ስባ ሥዕል ሣለችልኝ። አንድ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ ነው አንድ ዓይነት መንታ የሚሆነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ከተከፈለ ለእያንዳንዱ የራሱ እንግዴ ልጅ ይሠራለታል። ከዚያ ዘግይቶ ከተከፈለ ግን አንዱን ይጋራሉ። ከአንድ ዓይነት መንትዮች ሲሶ ያህሉ የሚወለዱት ሁለት እንግዴ ልጅ ይዘው ነው። በእርግጥ አንድ እንግዴ ልጅ ከተጋሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው ለማለት ይቻላል። ሁለት መሆኑ ግን አይለያቸውም። እኔ ግማሹን እውነት ይዤ ነው የወጋሁት።

ቀጥላ ያለችኝ ደግሞ ይበልጥ አመመኝ። የተለያዩ መንትዮች ቢሆኑስ? የሕመሙ ጂን ያለው የዘር መረጃ ከሚይዙት ክሮሞዞሞች አንዱ፣ ኤክስ የሚባለው ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብዙውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚወስደው ከእናቱ ነው። እናት ተሸካሚ ከሆነች፣ ማለትም ከሁለቱ ኤክስ አንዱ የተበላሸ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጇ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ መንታም ሆነ፣ በዓመቱ የተወለደ ታናሽም ሆነ። ስለዚህ ካርዱ ምንም ቢል ያን ልጅ ሳይመረመር መውጋት አልነበረብኝም።

ክትባቱ ግን አይቀርም፣ ይህን ወላጆች ልብ በሉልኝ። ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ፣ በቀጭን መርፌ፣ ብዙውን ጊዜ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ሳያሹ ተጭኖ መያዝ ነው። ታናሹ የቀሩትን ክትባቶች የወሰደው እንዲህ ነው። ጥጡን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ።

ሐኪሟ አያትየውን «እማማ፣ በእርስዎ ወገን ደም አልቆም ያለው ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ምንም ታሪክ ሳይኖር እንዲሁ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። እሳቸው ግን ዝም ብለው ቆዩ።

«ወንድሜ» አሉ በመጨረሻ። «ጥርሱን አስነቅሎ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሲደማ አደረ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ዓይን ነው ተባለ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እህትየዋ ቦርሳውን አቅፋ ጥግ ላይ ቆማለች። ሆዷ ገፍቷል። ሰኞ ዕለት ካርድ ሳገላብጥ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም።

«እህቴ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት።

«ሰባት ገብቷል። ወንድ ነው ብለውኛል።»

ሐኪሟ የክትትል ካርዷን ተቀበለቻት። እናቷ ተሸካሚ ከሆኑ እህትየዋም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችበት፦ ሆስፒታል ትውለድ፤ ሕፃኑ ጭንቅላቱን ስቦ በሚያወጣው መሣሪያ (ቫኪዩም) እንዳይጎተት፤ ሕፃኑ ሳይመረመር መርፌ እንዳይወጋ፣ እንዳይገረዝ።

ካርዱን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ ልከተው ስል እጄን ያዘችኝ። ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።