ደረሰኙን አስቀድሜ ቆረጥኩ

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለሴቶች ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ትንሽ የኦንላይን ሚዲያ «ቢዝነስ ዴቨሎፕመንት» ብሎ ቀጠረኝ። አራት ነበርን። የእኔ ሥራ ብር ማምጣት ነው። ፕሮፖዛል ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ በር አንኳኳሁ። ሦስት ወር ሙሉ እምቢ ሲሉኝ ቆይተው በአራተኛው አንዱ እሺ አለ። ይኼ ይለመዳል።

ማንም ያልነገረኝ ከእሺታው በኋላ ያለውን ነው።

በ2014 ጥር ላይ አንድ ትልቅ ድርጅት ለማርች 8 ስፖንሰር ልሁን አለ። አራት ቪዲዮ፣ 200,000 ብር። የማርኬቲንግ ኃላፊዋ «ውሉ ሕግ ክፍል ነው፣ ቀኑ እንዳያልፍብን እናንተ ጀምሩ» አለችኝ። ጀመርን። የካቲት 29 አራቱም ቪዲዮዎች ወጡ።

ክፍያ ስጠይቅ ፋይናንስ ክፍል «መጀመሪያ የቫት ደረሰኝ አምጪ፣ ያለዚያ ቼክ አይዘጋጅም» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ቆረጥኩ። ካርቦኑ እስከ መጨረሻው ኮፒ እንዲደርስ እስክሪብቶውን ጫን አድርጌ ነው የጻፍኩት። 200,000። ቫት 15 በመቶ፣ 30,000። ድምር 230,000። ደስ ብሎኝ ነበር።

ደረሰኝ ከቆረጥሽ ግን ቫቱን በቀጣዩ ወር አሳውቀሽ ትከፍያለሽ። ደንበኛሽ ከፈለሽ አልከፈለሽ፣ ያ የአንቺ ጉዳይ ነው። ሚያዝያ ላይ በእጃችን ላልገባ ብር 30,000 ከኪሳችን ከፈልን። የዚያን ወር ኤዲተራችን ግማሽ ደመወዝ ወሰደች። የቤት ኪራይ አለባት፣ ልጅ አላት። ምንም አልተናገረችኝም፤ ቀና ብላም አላየችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ምልልሱ መጣ። «ቼኩ ፊርማ ላይ ነው»። «ፈራሚው ፊልድ ወጥቷል»። «በጀቱ ስለተዘጋ ከሐምሌ በኋላ ነይ»። ኃላፊዋ ሥራ ለቀቀች። የተተካው ሰው «የተፈረመውን ውል አሳዪኝ» አለኝ። በእጄ ያለው የቴሌግራም መልእክት ብቻ ነው። እሱ ምን ያድርግ? እኔ ነኝ ያለ ውል ካሜራ ያስነሳሁት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቼኩ ወጣ፦ 226,000። ያኔ ዊዝሆልዲንግ (ከፋዩ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) 2 በመቶ ስለነበር 4,000 ተቀንሷል። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ለማግኘት ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። ያን ወረቀት ሳትይዢ አትመለሺ፤ ዓመታዊ ግብርሽ ላይ የሚታሰብልሽ በእሱ ነው።

ሥልጠና ላይ «መጀመሪያ ግንኙነት ፍጠሪ፣ ገንዘብ ቶሎ አታንሺ» ይሉናል። በፍጹም አልስማማም። በመጀመሪያው ስብሰባ አንሺው። ሴት ስለ ብር ስታወራ ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች አሉ፤ ይለዋወጥ። እኔ አሁን ውል ሳይፈረምና ግማሹ ክፍያ አካውንት ሳይገባ ቀረጻ አልይዝም። ፋይናንስ «ደረሰኝ አስቀድሚ» ሲል ፕሮፎርማ፣ ማለትም ደረሰኝ ያልሆነ የዋጋ ማቅረቢያ፣ እሰጣለሁ። ደረሰኙን የምቆርጠው የተፈረመውን ቼክ በዓይኔ አይቼ፣ እዚያው መስኮቱ ላይ ነው።

ስለ ተከታይ ቁጥርም ብዙ አትጨነቂ። ትልቁን ሽያጬን ያመጣልኝ የወሊድ ፈቃድ ቪዲዮ ነው። በአዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ እንደሚሰጥ ብቻ ነው የተናገርነው። ኢንቦክሳችን ሞላ። አለቃዋ ስለከለከላት፣ ጡቷ እየፈሰሰ ቢሮ ስለተመለሰች እናት። ስማቸውን አጥፍቼ 12 መልእክት ፕሪንት አደረግኩና ለሕፃናት ዕቃ አስመጪ ወሰድኩለት። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አነበባቸው። የስድስት ወር ውል ፈረመ። በእሱ ብር ሁለተኛ ኤዲተር ቀጠርን። በዚህ በጣም እኮራለሁ።

ያ ትልቅ ድርጅት በዓመቱ ጥር ላይ ደግሞ ደወለልኝ፤ ለማርች 8። ፕሮፎርማውን ላክሁ፤ «ግማሹ በቅድሚያ» የሚለውን ከላይ በደማቁ ጽፌ። በዘጠነኛው ቀን ገባ። ያኔ ግማሽ ደመወዝ የወሰደችውን ኤዲተር ጠርቼ የባንኩን መልእክት ስልኬ ላይ አሳየኋት።