ጥቁር ውሃ በጀልባ፦ ነፋሱ ሳይነሳ ደርሶ መመለስ

ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባውን የጥቁር ውሃ ወንዝ አፍ በጀልባ ልናይ ወጣን። ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ ሻሸመኔ፤ መንገዱ የሚጻፍ ነገር አልሰጠንም። የሐዋሳው አዳር ግን ሰጥቶናል። አጎበሩ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳውን ሰብስቤ በፀጉር ላስቲክ አሰርኩትና ጠርዙን ከፍራሹ ስር ወሸቅሁት። ሐይቅ ዳር የሚያድር ሰው ላስቲክ አይጥፋው፤ ወባ አለ።

ጀልባ የሚያዘው በዋዜማው ከሰዓት ነው። ጠዋት ተነስቶ የሚፈልግ ሰው ያገኘውን ይሳፈራል። የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስንደርስ መጀመሪያ የያዘን አንድ ወጣት ለአራት ሰው 3,000 ብር ጠራ። «ላይፍ ጃኬት አለህ?» «ሞልቷል!» ከወንበር ስር ሁለት አወጣ፤ የአንዱ ማያያዣ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል። ጃኬትን በቀለሙ መፍረድ አይቻልም። በእጅ ጨመቅ ሲያደርጉት ስፖንጁ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ወይም እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ አያንሳፍፍም። ደህና ከሆነም ለብሰው ካሰሩት በኋላ ሌላ ሰው ትከሻውን ይዞ ወደ ላይ ይሳብ፤ ጆሮ ድረስ ከወጣ ልኩ አይደለም። ለሕፃን በእግር መሃል የሚታሰር ቀበቶ የሌለው ጃኬት ዋጋ የለውም፤ ልጁ ቁልቁል ሾልኮ ይወጣል።

ሁለተኛው ጋሼ ያልናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ዋጋ ሳይጠሩ «እኔ ከሰዓት አልወጣም» አሉ። በ1,800 ብር ተስማማን፤ ግማሹን በዋዜማው፣ ግማሹን መሬት ስንረግጥ። መነሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ፣ መመለሻ ከ5 ሰዓት በፊት።

ይህ ሰዓት የሽማግሌ ግትርነት አይደለም። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 22 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጠዋት እንደ ብርጭቆ ይተኛል። ፀሐይ መሬቱን ስታግል ነፋስ ይነሳል፤ እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ደግሞ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወርድ ሌላው በአፍንጫዋ ይገባል። እኛ አዳማ ነፋስ ሲነሳ ደስ ይለናል፤ ኮረብታው ላይ መብራት ያመነጭልናል፣ ቢበዛ ልብስ ከገመድ ይጥላል። እዚህ እንደዚያ አይታሰብም።

ጠዋት ጋሼ ቤንዚኑን ሲያዘጋጁ አጠገባቸው ቆምኩ። ሞተሩ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ዓይነት ነው፦ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ግሎ ይነክሳል (ይጣበቃል)፤ ከበዛ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁርና ሞተሩ መሃል ሐይቅ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ትርፍ ካንዴላ ከነመፍቻው፣ ፕሮፔለሩን የሚይዘው ትንሽ ፒን ደግሞ ሁለት ትርፍ። ፒኑ ሆን ተብሎ ለስላሳ ነው፤ ፕሮፔለሩ ግንድ ሲመታ እሱ ተሰብሮ ማርሹን ያድናል። ነዳጁን በሦስት ይከፍሉታል፦ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለማይታወቀው። ሁለት መቅዘፊያ፣ 15 ሜትር ገመድ፣ ወገቡ ላይ የተቆረጠ ጀሪካን ለውሃ መቅጃ። ስልኮቻችን በሁለት ፌስታል ተቋጠሩ።

አራት ሆነን ስንቀመጥ ከውሃው እስከ ጀልባዋ ጠርዝ ከስንዝር በላይ ቀረ። ከስንዝር ካነሰ ሰው ወይም ዕቃ ይውረድ። ከባዱ ሰው መሃል ይቀመጣል፤ ፎቶ ለማንሳት የሚቆም የለም። ከተገለበጠችም ጀልባዋን ይዞ መጠበቅ እንጂ ወደ ዳር መዋኘት የለም፤ ዳሩ ሁልጊዜ ከሚመስለው ይርቃል።

ዳር ዳሩን ወደ ሰሜን ሄድን። ጥቁር ውሃ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባው ብቸኛ ወንዝ ነው፤ የሚመጣውም ቀድሞ ሐይቅ ከነበረው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። የወንዙ አፍ ላይ ስንደርስ ደንገሉ ግራና ቀኝ ቆመ፣ ውሃው ጠቆረ።

ጋሼ እዚህ ዓይናቸው ከሞተሩ ጀርባ አልተነሳም። እዚያ ቀጭን የውሃ ክር ትተፋለች፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ መዞሩን የምትናገረው እሷ ናት። ክሯ ቀጠነች፣ ከዚያ ቆመች። ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው አነሱት፤ የውሃ ሣር መግቢያውን ደፍኖ ፕሮፔለሩ ላይ እንደ ሹሩባ ተጠምጥሟል። በቢላ ቆረጡት። ሁለት ደቂቃ ዘግይተው ቢሆን በመቅዘፊያ ነበር የምንመለሰው።

እኛ አዋሽ ላይ፣ ሶደሬ፣ ከውሃው የምንፈራው አዞ ነው። እዚህ ጉማሬ ነው። ያደገ ጉማሬ እስከ 5 ደቂቃ ሳይተነፍስ ይቆያል፤ ስለዚህ «ጠፋ» ማለት «ሄደ» ማለት አይደለም፤ አረፋ ወደ እኛ ከመጣ እሱ ነው። ጋሼ ከ100 ሜትር አልቀረቡም። ሞተሩን ዝግ አደረጉት እንጂ አላጠፉትም፦ ድምፁ ያለንበትን ይነግረዋል፣ ማምለጥም ካስፈለገ ሞተሩን በገመድ ጎትቶ ለማስነሳት ጊዜ አይኖርም። በእሱና በጥልቁ ውሃ መሃል ፈጽሞ አይገባም፤ መሸሻው ጥልቁ ነውና። አፉን ሲከፍት አዛጋ ብለው ካሜራ አያውጡ፤ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛም ወደ ኋላ አፈገፈግን።

አንዷ ጓደኛችን ደንገሉ አጠገብ እግሯን ልትነክር ፈለገች፤ ጋሼ ከለከሉ። ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ የምትኖረው እንዲህ ባለ ሣራማ ዳርቻ ነው፣ የበሽታው ትልም በጤነኛ ቆዳ ይገባል። ውሃው የነካው ሰው ቶሎ በፎጣ ጠበቅ አድርጎ ይደርቅ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይመርመር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው።

4 ሰዓት ከ40 ላይ አሞራ ገደል ተመለስን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ፣ ጦጣዎቹ ቦርሳችንን። ጥብስ ዓሣ በዳጣ አዘዝን፤ ከአዳማ በግማሽ ዋጋ፣ ትኩስነቱ ደግሞ አይወዳደርም። ጋሼ ግን አልተቀመጡም። የነዳጁን ጎማ ነቅለው ሞተሩን አስነሱት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ተንደቀደቀና በራሱ ጠፋ። «ቤንዚኑ ደርቆ ዘይቱ ብቻ ሲቀር ቀዳዳውን ይደፍነዋል» አሉና ጃኬቶቹን ሾላው ጥላ ስር ሰቀሏቸው።