ዱባ ሲውጥ ዓይኑን ይጨፍናል

እማዬ ልትጠይቀኝ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እኔን አይደለም። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የመስታወቱ ሳጥን ፊት ጎንበስ ትላለች።

«ይሄ ልጅ በልቷል?»

«በልቷል እማዬ።»

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

በቃ፣ ፊቷ ይለዋወጣል። እኔን ያሳደገችኝ «ትንሽ ጨምሪ» እያለች ነው፤ ከትናንት ወዲያ የበላ ፍጡር እሷ ዘንድ የተራበ ነው።

ዱባ እንቁራሪት ነው። ዝርያው የዋይት የዛፍ እንቁራሪት ይባላል፤ መነሻው አውስትራሊያና ኒው ጊኒ። ስሙን ሰምቶ ነጭ እንቁራሪት የሚጠብቅ አለ። ግን ዋይት የሰው ስም ነው፤ በ1790 ስለ እንቁራሪቱ የጻፈው ሐኪም ጆን ዋይት። የእኔው ዱባ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ነው።

ወደ ቤቴ ሲመጣ እግር አልነበረውም። እንቁራሪት የምታራባ ጓደኛዬ አምስት ባለጭራዎች ሰጠችኝ፤ ራስና ጭራ ብቻ። ያኔ መመገብ ቀላል ነበር። ሰላጣ ቀቅዬ አለሰልሳለሁ፣ ጣል አደርጋለሁ። መስታወቱ ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ አልጌም ቀኑን ሙሉ ሲግጡ ይውላሉ። ከስር ሆናችሁ ስታዩአቸው አንጀታቸው በሆዳቸው ቆዳ ውስጥ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ይታያል። ቅጠል ለመፍጨት ረጅም አንጀት ያስፈልጋላ።

ከዚያ የኋላ እግር፣ ቀጥሎ የፊት እግር ወጣ። የፊት እግር በወጣ ሰሞን ግን መብላት አቆሙ። ጭራሽ! ሰላጣው እንዳለ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ የእናቴ ልጅ ነኝና ጨመርኩ። በማግስቱ ውሃው ደፍርሶ ይሸታል። ለጓደኛዬ ደውዬ ስጨነቅ ሳቀች። «ተዪያቸው እንጂ! ጭራቸውን እየበሉ ነው» አለችኝ።

ለካ እውነቷን ነው። በአፋቸው አይደለም እንጂ፣ ጭራው ቀስ በቀስ ወደ ሰውነታቸው ይሰረጋል፤ ስንቃቸው እሱ ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ አፋቸው እንደ አዲስ ይሠራል፣ ያ ረጅም አንጀት ያጥራል። ቅጠል በል ሆኖ የገባው ሥጋ በል ሆኖ ይወጣል። ወጥ ቤቱ በእድሳት ላይ እያለ እኔ ሰላጣ ይዤ በር አንኳኳለሁ።

ጭራው ሲያልቅ ሦስቱን ለሌሎች ሰጥቼ ዱባንና ቀጮን አስቀረሁ። አሁን የሚበሉት የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ሆነ። የሞተ ዝንብ ፊታቸው ብታስቀምጡ ድንጋይ ነው፤ አያዩትም። መብረር የማይችሉ የፍራፍሬ ዝንቦችና ገና የተፈለፈሉ ፌንጣዎች በየቀኑ እሰጣቸው ነበር። ልኩን የምለካው በዓይናቸው ነው፦ ምግቡ በሁለቱ ዓይኖቻቸው መሃል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። እንቁራሪት አያኝክም። ትልቅ ከሆነበት ያንቀዋል፣ ወይም ሆዱ ውስጥ ይቀረቀርበታል።

ካልሲየም ደግሞ ግዴታ ነው። ፌንጣዎቹን ላስቲክ ውስጥ ከካልሲየምና ከቫይታሚን ዲ3 ዱቄት ጋር ነቅነቅ አደርጋቸዋለሁ፤ ነጭ ለብሰው ይወጣሉ። በማደግ ላይ ያለ እንቁራሪት ይሄን ካጣ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው ይጣመማል። እነሱ ራሳቸው ፌንጣዎቹም በልተው መቅረብ አለባቸው። ባዶ ሆድ ያለው ፌንጣ ልጣጭ ነው። ከደጅ ይዤ ግን አልሰጥም፤ ምን መድኃኒት እንደተረጨበት ማን ያውቃል።

ሲበላ ማየት ለብቻው ነው። ፌንጣውን በወረንጦ ይዤ አወዛውዛለሁ። ዱባ መጀመሪያ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ የኋላ ጣቱ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ዘሎ ይወረወራል፤ ምላሱ መቼ ወጥቶ መቼ እንደገባ አይታይም። የቀረውን እግር በመዳፉ ወደ አፉ ይጠቀጥቃል። በመጨረሻ ሁለቱን ዓይኖቹን ይጨፍናል፤ ወደ ውስጥ ሰመጥ ይላሉ። እማዬ «ጣፈጠው!» ትላለች። እውነቱ ግን ዓይኖቹ ወደ ታች ወርደው ምግቡን ወደ ጉሮሮ እየገፉለት ነው።

እያደገ ሲሄድ በየቀኑ የነበረው በሁለት ቀን አንዴ ሆነ። ካደገ ወዲያ በሳምንት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይበቃዋል። እኔ ግን ይሄን ቶሎ አልተቀበልኩም። በየምሽቱ ሲያፈጥብኝ አንጀቴን ይበላዋል፤ አንድ ልጨምርለት እላለሁ። ወራት አለፉ። ከዓይኖቹ በላይ ያለው ቆዳ አብጦ ወደ ታች መንጠልጠል ጀመረ፤ ቅንድብ ያወጣ መሰለኝ። ስብ ነው። ትንሽ ጉብታ ጤና ነው፤ ዓይኑን መሸፈን ከጀመረ ግን ውፍረት ነው። ማፍጠጡም ረሃብ አልነበረም። እንቁራሪት ያገኘውን የሚውጥ ፍጡር ነው፤ በቃኝ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ቀጮ ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሠራሁ። አንድ ማታ ያልተበሉ ፌንጣዎችን ሳልለቅም ተኛሁ። ጠዋት የእግሩ ጣት ተቦጭቋል። ፌንጣ ሲርበው እሱም ይበላል፤ ሌሊቱን ተገላቢጦሽ ሆኖ አደረ። ዳነ፣ ግን ከዚያ ወዲህ በቁጥር ነው የማስገባው፣ በቁጥር ነው የማወጣው።

ዛሬ የዱባ የጾም ቀን ነው። የፌንጣው ዕቃ ውስጥ ጠዋት አሥራ ሁለት ነበሩ። ከሥራ ስመለስ እማዬ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ።

«እማዬ፣ ለዱባ ሰጥተሽዋል?»

«እኔ? ምን አገባኝ!»

ስልኳ ላይ ነጭ የጣት አሻራ አለ።