በክረምት ቀለም አትርጩ፦ ፋየርፍላይን ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንደሠራሁት

ስለ ፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር ሁሉ የተጻፈው ቤቱ ለሚሞቅለት፣ ቀለሙንም ከመደርደሪያ ላይ በቁጥር መርጦ ለሚገዛ ሰው ነው። ሐምሌ ላይ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ ጋቢ ደርቦ በመኪና ቀለም ለሚሠራ ሰው የጻፈ አላየሁም። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ግራ ክንፌ በሰላም ይተርፍ ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

የሠራሁት ፌሪ ፋየርፍላይ ማርክ 1ን ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እንዲነሳ ብለው ያወጡት ተዋጊ ነው። ሁለት ሰው ይይዛል፤ አብራሪው ከፊት፣ አቅጣጫ መሪው ደግሞ ከክንፉ በስተኋላ ለብቻው። ክንፉ ላይ ባለ 20 ሚሊ ሜትር አራት መድፎች አሉት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1944 ኖርዌይ ውስጥ የተደበቀውን ቲርፒትዝ የተባለ የጀርመን የጦር መርከብ ለመምታት በተደረገው ዘመቻ ነበረበት። በ1945 መጀመሪያ ደግሞ ሱማትራ ላይ ጃፓኖች የያዟቸውን የነዳጅ ማጣሪያዎች መትቷል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ኃይል አውሮፕላን ምን ይሠራልሃል?» መልሱ አጭር ነው። ይሄ አውሮፕላን የእኛም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያገለገሉ ፋየርፍላዮችን ከካናዳ ገዝቷል። ከእነሱ መካከል በኋላ ወደ ካናዳ ተመልሰው ሙዚየም የገቡ አሉ። ሁሉም ሰው የእንግሊዞቹን ስፒትፋየርና የጃፓኖቹን ዜሮ ተዋጊዎች ይሠራል። ይሥሩ። እኔ የራሴን እመርጣለሁ። የኛን ምልክት ማድረግ ነበር ምኞቴ፣ ግን ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዞቹ ብቻ ነው።

ሳጥኑን ከውጭ ያመጣልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አብረው የታዘዙት ቀለሞችና ማጣበቂያው ገና ከመነሻው ከሻንጣው ወጡ። ተቀጣጣይ ነው ተባለ። እሺ፣ ይሄ ሕግ ነው፣ አልከራከርም። ያናደደኝ እዚህ ሲደርስ የሆነው ነው። ክዳኑ ላይ መድፍ የሚተኩስ አውሮፕላን ተስሏል። ፈታሹ አየና «ድሮን ነው?» አለ። አይደለም። «እንግዲያው ወታደራዊ ዕቃ ነው።» ሳጥኑ ተከፍቷል፤ ውስጡ የሚታየው ክፍሎቹ የተያያዙበት ግራጫ የፕላስቲክ ፍሬም ነው። ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው፣ ካሜራ የለው። «ኃላፊ ይየው» ተባለ። ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። ከምሳ ሲመለስ ደግሞ «የፈቃድ ደብዳቤ አለው?» ብሎ ጠየቀ። ለመጫወቻ የምን ደብዳቤ! በመጨረሻ ለቀቁት፣ ቤት ደርሶ ሲታይ ግን የጅራቱ ጎማ ከነፍሬሙ የለም። ከቁርጥራጭ ፕላስቲክ ሞርጄ ተካሁት። ምክሬ ይሄ ነው፦ ክዳኑን አጥፋችሁ ከታች አድርጉት፣ ደረሰኙ ከላይ ይሁን፣ ሲጠይቋችሁም «የልጆች መጫወቻ ነው» በሉና አፋችሁን ዝጉ። ስለ ታሪኩ ማብራራት ከጀመራችሁ አለቀላችሁ።

መገጣጠሙ ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ክፍሎቹን በሳሙና ውሃ አጠብኩ። የአብራሪውን ክፍል በሠዓሊ አክሪሊክ ቀባሁ። ገላውን ገጠምኩ፣ ክንፉን ገጠምኩ። እውነተኛው አውሮፕላን መርከብ ላይ ቦታ እንዳይፈጅ ክንፉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ እኔ ግን ዘርግቼ ሠራሁት። የታጠፈ ክንፍ ያምራል የሚሏችሁን አትስሙ፤ ማጠፊያው ላይ ጠንካራ ሆኖ አይቆምም። ለመስታወቱ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፣ ተኑ ያደበዝዘዋል፤ የእንጨት ኮላ ይበቃዋል። ስለ ሞተሩም አንድ ነገር፦ የዚህ አውሮፕላን ግሪፈን ሞተር የሚዞረው የመጀመሪያዎቹ ስፒትፋየሮች ከነበራቸው መርሊን ሞተር በተቃራኒ ነው። የእነሱን ፎቶ ያየ ሰው መጥቶ «ፕሮፔለሩ ተሳስቷል» ብሎ ይከራከራችኋል። አትነታረኩ።

ማጣበቂያው ስለቀረብኝ የገጣጠምኩት በቲነር ነው። አዎ፣ የመኪና ቀለም በሚቀጥንበት ቲነር። ይሄን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። በቀጭን ብሩሽ መጋጠሚያው ላይ ጠብ ስታደርጉት ሁለቱ ጠርዞች ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። የፍሬም ቁርጥራጭ በትንሽ ብልቃጥ ቲነር ውስጥ ሲያድር ደግሞ ጥሩ ስንጥቅ መድፈኛ ይወጣዋል። ገንዘብ አውጥታችሁ ከውጭ አታስመጡ። ብቻ ቲነር ፕላስቲክ እንደሚያቀልጥ ያዙልኝ፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቀለሙ።

መመሪያው ሦስት ቀለም ይጠይቃል። ከላይ ጠቆር ያለ የባሕር ግራጫና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ፣ ከሥር ደግሞ ስካይ የሚሉት ፈዛዛ አረንጓዴ ቢጤ። ሁሉም በቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩ ደብረ ብርሃን ላይ ምንም አይሠራም። የመኪና ቀለም የሚቀላቅል ሱቅ ሄጄ ፎቶ አሳየሁ፣ ልጁም በዓይኑ ቀላቀለልኝ። ጎበዝ ነው፣ በዚህ አላማውም። እንዲያውም እዚህ ላይ ከመመሪያው ጋር አልስማማም፤ ትክክለኛውን ቀለም አትፈልጉ። 28 ሴንቲ ሜትር በምታህል ዕቃ ላይ ትክክለኛው ቀለም ጠቁሮ ነው የሚታየው። ትንሽ ነጭ አስጨምሩበት።

ልጁን «ፕላስቲክ ላይ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩት። «የመኪና ባምፐር ፕላስቲክ አይደል እንዴ!» አለኝ። አይገናኝም። ባምፐር ቲነር ቢነካው ግድ የለውም፤ ሞዴሉ የተሠራበት ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ ግን ይሟሟል። ይሄን ስለማውቅ መጀመሪያ ፍሬሙ ላይ ሞከርኩት። ራቅ ተብሎ በስሱ ሲረጭ ያዘ፣ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ጣጣው የመጣው ከዚህ አልነበረም።

ኮምፕሬሰር ስላልነበረኝ ትንሿን መርጫዬን ይዤ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ቀለም የሚረጩት ሰው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሐምሌ ነበር። ጠዋት ዘንቦ አባርቷል፣ ከጣርማ በር በኩል ደግሞ ጉሙ እየመጣ ነው። ስካዩን ከሥር ረጨሁ፣ ጥሩ ሆነ። ገልብጬ ጥቁሩን ግራጫ ከላይ ስረጭ አምሮ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከክንፉ ጫፍ ጀምሮ መንጣት ያዘ። አቧራ መስሎኝ እፍ አልኩት። አልሄደም። ዓይኔ እያየ ንጣቱ እስከ ገላው ደረሰ፤ ግራጫ የነበረው አውሮፕላን አመድ ለበሰ። የስካዩ ቀለም ስለፈዘዘ እንጂ እሱም ነጥቷል።

ምክንያቱን ቆይቼ ነው የገባኝ። ቲነር ቶሎ ሲተን ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው። እጃችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት የሚቀዘቅዛችሁ ለዚያ ነው። የተረጨው ገጽ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ እርጥበቱ እዚያ ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና ገና ካልደረቀው ቀለም ጋር ይደባለቃል። ቀለሙ የሚነጣው በዚህ ነው። ቲነሩ ርካሽና ቶሎ የሚተን ሲሆን ይብሳል። የኛ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ቀዝቃዛም ነው፣ እርጥብም ነው፣ በቃ ለዚህ ጣጣ የተሠራ ወቅት ነው።

ጋሼ አዩና ሳቁ። «ይሄማ በክረምት ያለ ነው፤ መኪናም ይነጣል» አሉ። «ታዲያ ምነው ቀድመው ሳይነግሩኝ?» ስላቸው «አልጠየቅከኝማ!» አሉኝ። ይህቺ መልስ እስከ ዛሬ ታበሳጨኛለች። ስረጭ አጠገቤ ቆመው ሻይ እየጠጡ ነበር እኮ!

ከዚያ መፍትሔ አመጡ። ቀለም የሌለበት ንጹሕ ቲነር በላዩ ላይ መርጨት። የነጣው ቀለም መልሶ ይለሰልሳል፣ የታሰረው እርጥበት ይወጣል፣ ንጣቱም ይጠፋል። ለቆርቆሮ ይሄ እውነት ነው። ቆርቆሮ አይቀልጥማ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው፣ ቲነር ያቀልጠዋል» አልኳቸው። «አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ነው እኔ የምረጨው» አሉና መርጫውን ከእጄ ወሰዱት። እንግዲህ እዚህ አገር ያደገ ሰው ይፈርደኛል። በገዛ ጋራዣቸው፣ በገዛ ኮምፕሬሰራቸው፣ ያለ ክፍያ እየረዱኝ ያሉ ትልቅ ሰው እጅ ላይ መርጫ እንዴት ይነጠቃል?

ግራውን ክንፍ ረጩት። በስሱም አይደለም፤ የመኪና በር እንደሚረጭ ሰው ወዲህና ወዲያ አለበሱት። ንጣቱ በእርግጥ ጠፋ። ክንፉ አንጸባረቀ። «አየህ!» አሉ። ከዚያ ገጹ መንቀሳቀስ ጀመረ። የለሰለሰው ቀለሙ ብቻ አልነበረም፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ነው። የብረት ሉሆቹን መጋጠሚያ የሚያሳዩት ቀጫጭን መስመሮች ተሞሉ። የመድፎቹ ክዳን ጠፋ። የክንፉ ቆዳ ተኮማተረ። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉና «ዕቃው ራሱ ቻይና ነው» አሉ። ቻይና እንዳልሆነ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። አመስግኜ ወጣሁ። አመሰገንኩ እኮ!

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ «ከሰል አቀጣጥለህ ክፍሉን አሙቅና እንደገና ርጭ» አለኝ። ይሄን በፍጹም እንዳታደርጉ። የቲነር ተን ከእሳት ጋር ከተገናኘ ቤቱን ይዞት ይሄዳል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ራሱ ሰው እንደሚገድል ደግሞ ለብርድ አገር ሰው አይነገርም። ፀጉር ቤት ያላት ጎረቤቴ ፎን አዋሰችኝ። ፍሬሙ ላይ ሞከርኩት፣ ጎበጠ። መለስኩላት።

ግራውን ክንፍ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት እስከ ፕላስቲኩ ድረስ ፈገፈግኩት። የቀረውን ቀለም በቲነር ማጠብ ስለማይቻል ሁሉም በመፈግፈግ ነው የሄደው። ጎድጓዳውን በመኪና ስቱኮ ሞላሁ፣ አለሰለስኩ። ከዚያ የጠፉትን መስመሮች በመርፌ መልሼ ቀረጽኩ። ወፈር ያለ ፕላስተር እንደ ማስመሪያ ለጥፋችሁ መርፌውን በቀስታ፣ ሳትጫኑ ደጋግማችሁ ትስባላችሁ። ከተጫናችሁ መርፌው ይስትና ሌላ ጭረት ታተርፋላችሁ። ነሐሴ በሙሉ የሄደው በዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ በሻማ አልሠራሁም፣ ተኛሁ።

ዳግመኛ የረጨሁት ጥቅምት ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማያችን ጥርት ያለ ነው። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ቀን ግን አየሩ ደረቅ ነው። ብርድ ብቻውን ይቻላል፤ ከእርጥበት ጋር ሲጋባ ነው ችግሩ። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት እስከ ስድስት ይሁን። ከዚያ በፊት ዕቃው ራሱ የሌሊቱን ብርድ አልለቀቀም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል። የቀለሙን ብልቃጥ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ እሳት አጠገብ ግን አይድረስ። ዝግ ብሎ የሚደርቅ ቲነር ጠይቁ፤ ሻጩ «ቲነር ሁሉ አንድ ነው» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። መመሪያው «አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ» ይላል። ለሳንባ ልክ ነው፣ ጭምብልም አድርጉ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሜዳ ወጥቶ መርጨት ማለት አቧራ መቀባት ማለት ነው። እኔ በረንዳ ላይ ሦስት ጎን በካርቶን ከልዬ፣ ኮምፕሬሰር ተከራይቼ ነው የረጨሁት። ጋሼን አልነገርኳቸውም። በጣም በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረብኩ ረጨሁ። አልነጣም።

የቀረው ምልክቱን መለጠፍ ነው። የፓስፊኩን አደረግኩት። የእንግሊዞች ክብ ምልክት መሃሉ ቀይ ነው፤ ፓስፊክ ላይ ግን ከጃፓኖች ቀይ ክብ ጋር እንዳይምታታ ቀዩ ወጥቶ ሰማያዊና ነጭ ብቻ ቀረ፣ በጎንና በጎኑም ነጭ ሰረዝ ተጨመረለት። ከመለጠፋችሁ በፊት ገጹን በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ሸፍኑት፤ ሻካራ ከሆነ ከሥሩ አየር ታስሮ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ምልክቱን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ስለማይገኝ አቼቶ በውሃ አቅጥኜ ቀባሁበት። የቀረጽኳቸው መስመሮች ውስጥ ገብቶ ተኛ።

አሁን ግራው ክንፍ ከቀኙ ይበልጣል። መስመሮቹ በእጅ ስለተቀረጹ ከፋብሪካው ይልቅ ይስላሉ፤ አጠገቡ ሆኖ ያየ ሁሉ የሚያደንቀው እሱን ነው። ጋሼም መጥተው አይተውታል። ክንፉን ዳበስ አድርገው፣ አብሯቸው ለመጣው ሰው «እኔ ነኝ ያስተካከልኩለት» አሉ። ሻይ ቀዳሁላቸው። በሳምንቱ የራሴን ኮምፕሬሰር ገዛሁ።