ያረረውን ጫፍ ቆርጬ መጣል እንዴት እንደጀመርኩ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ የጭነት መኪና ከሚያድርበት መንገድ ዳር፣ ትንሽ ጥብስ ቤት አለችኝ። 11 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ሥጋ ይቆርጣል፤ ፍሙ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሾፌሮች ናቸው። ባቲንና ሚሌን አልፈው ጅቡቲ የሚወርዱ፣ ወይም ከዚያ ጭነው ሐረጎን ወጥተው ወደ ደሴ የሚያልፉ። ሲመጡ ርቧቸው ነው። "ግማሽ ኪሎ፣ ደረቅ አድርገሽ" ይላሉ። ሌላ ወሬ የለም።

አምና ረመዳን ካለፈ በኋላ ከነዚህ ደንበኞች አንዱ ገብቶ ተቀመጠ። ሥጋ አላዘዘም። "እታለም፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል አሉኝ" አለ። "ከሰል ላይ የተጠበሰ ሥጋ ካንሰር ያመጣል የሚል ነገርም ስልኬ ላይ አየሁ። እውነት ነው እንዴ?"

"አብሽር ወንድምዓለም፣ ወሬ ነው" አልኩት።

ማታ ስተኛ ግን ነገሩ አላስተኛኝ አለ። የማላውቀውን ነው የመለስኩለት። ያ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ከእጄ በልቷል። ልጆቹን በስም አውቃቸዋለሁ። ወሬ ይሁን እውነት ሳላጣራ "አብሽር" ማለቴ ከነከነኝ።

በማግስቱ የዱቤ ደብተሩን አወጣሁ። ሾፌር ብዙ ጊዜ በዱቤ በልቶ ሲመለስ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ ቀኑም መጠኑም ተጽፏል። የእሱን አንድ ወር ቆጠርኩ። 17 ጊዜ። ሁሌም ግማሽ ኪሎ። ከዚያ ወደ ራሴ ዞርኩ። እኔ ቁጭ ብዬ አልበላም፤ እቀምሳለሁ። የምወደው ደግሞ ጫፉን ነው፣ ጠቁሮ የሚንኮሻኮሸውን። አንድ ወር ሙሉ በቀመስኩ ቁጥር ደብተሩ ጀርባ ላይ ምልክት አደረግኩ። ከ30 ቀን 26ቱን በልቻለሁ። ይህን ያህል ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

የእህቴ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የጤና ተማሪ ናት። ለእረፍት ስትመጣ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ጠየቅኳት። ማንበብ ትወዳለች፤ እኔም የሚገባኝን እስካገኝ አልለቃትም። ሦስት ቀን ተነጋገርን።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ጉዳት የሚመጣው በሁለት በር ነው። አንዱ ከሥጋው ከራሱ ነው። የከብት፣ የፍየል፣ የዶሮም የዓሣም ሥጋ በኃይለኛ ሙቀት፣ በተለይ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ብዙ ሲቆይ፣ ሄትሮሳይክሊክ አሚን የሚባሉ ነገሮች ይፈጠሩበታል። ይበልጥ ደረቅ፣ ይበልጥ ጥቁር በሆነ ቁጥር ይበዛሉ። ሁለተኛው ከስቡ ነው። ስብ ፍም ላይ ጠብ ሲል እሳቱ ቦግ ይላል፣ ይጨሳል። ጭሱ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉትን ይዞ ተመልሶ ሥጋው ላይ ይለጠፋል። ከነዚህ አንዱ ቤንዞፓይሪን ነው፤ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው፣ ሲጋራ ጭስ ውስጥም አለ።

ይሄን ስትነግረኝ ዝም አልኩ። ለምን ብትሉ፣ እኔ ሞራ ሆን ብዬ ፍም ላይ እጥል ነበር። ጥብስ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል። ጭሱ መንገድ ድረስ ሄዶ ደንበኛ ይጠራል። ሽታው ነው ገበያችን። ያ ሽታ ምን ይዞ እንደሚሄድ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ልጅቷ ግን ልታስፈራራኝ አልፈለገችም። እነዚህ ነገሮች በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ካንሰር አምጥተዋል፤ የተሰጣቸው መጠን ግን ሰው በምግቡ ከሚያገኘው በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ነው አለችኝ። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች የቁርጥ መልስ አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ10 አገሮች 22 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከ800 በላይ ጥናቶችን አይቷል። እንደ ቋሊማ ያለውን በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ ካንሰር ከሚያመጡት ጋር መደበው። ቀይ ሥጋን ደግሞ፣ የከብትና የበግ ማለት ነው፣ የእኛ ፍየልም ከዚያው ነው፣ "ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" ከሚባለው ክፍል አስገቡት። ምደባው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ይናገራል እንጂ አንድ ጉርሻ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይናገርም። ይሄን ልዩነት ብዙ ሰው ስቶት ነው በየስልኩ ሽብር የሚነዛው።

የደም ግፊቱን ነገር ለብቻ ጠየቅኳት፤ የኔ ሰው ጭንቀት እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ጥናት አሳየችኝ። ከ100,000 በላይ ሰዎችን ከ12 እስከ 16 ዓመት የተከታተለ ነው። ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ በኃይለኛ እሳት ጠብሰው በወር ከ15 ጊዜ በላይ የሚበሉት፣ ከ4 ጊዜ በታች ከሚበሉት ይልቅ ደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው 17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥብሱ ራሱ ነው ያመጣው ብሎ ጥናቱ አልፈረደም። እኔ ግን ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን 17 ጊዜ አስታወስኩ።

አንድ ቁጥር ደግሞ አለ፣ ከሁሉ በላይ ሥራዬን የለወጠው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው ቀይ ሥጋ በሳምንት፣ ከበሰለ በኋላ ተመዝኖ፣ ከ350 እስከ 500 ግራም እንዳያልፍ ነው። አጥንት የሌለው ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሲበስል ወደ 350 ግራም ይሆናል። ስለዚህ የኔ ሾፌር የሳምንቱን ሥጋ በአንድ እራት ይጨርስ ነበር ማለት ነው። በሳምንት አራት ጊዜ!

ከዚያ ወደ ሥራ ገባሁ። መጀመሪያ ሞራ ፍም ላይ መጣሉን ተውኩ። ይሄ አንድ ቀን ብቻ ፈጀ። ከባዱ ሥጋው ላይ ያለውን ስብ መቀነስ ነበር። ደንበኛ ጮማ ይወዳል፤ ሚዛን ላይ ካየው በኋላ ስብ ብታነሳበት ይቀየማል። ባለቤቴ ከሚዛን በፊት ማንሳት ጀመረ። ከኪሎው የምናገኘው ትርፍ ቀነሰ። አንድ ሳምንት ተጨቃጨቅንበት። በኋላ "እሺ፣ የሚያዋጣንን አላህ ያውቃል" ብሎ ተቀበለኝ።

ፍሙን መያዝም እንደገና ተማርኩ። ድሮ ነበልባሉ እንዳለ ሥጋውን እጭን ነበር፣ ደንበኛ ስለሚቸኩል። አሁን ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ አመድ እስኪለብስ እጠብቃለሁ። ፍሙን ወደ ሁለት ጎን እገፋና መሐሉን ባዶ እተዋለሁ፤ ስቡ የሚንጠባጠበው እዚያ ነው። የሽቦ ፍርግርጉን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አስደረግኩት፤ እግር የበየደልኝ የሠፈር ብረት ሠሪ ነው። ማራገብም ቀነስኩ። ሥጋውን ቶሎ ቶሎ አገላብጣለሁ፤ አንድ ፊቱ ብዙ ከቆየ ነው የሚያርረው።

የተበላሸብኝም አለ። ጎድንና ወፍራም ቁራጭ ፍም ላይ ብዙ እንዳይቆይ ቀድሜ ቀቀል ላድርገው ብዬ ከመጠን በላይ ቀቀልኩት። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ "ልጄ፣ እኔ ጥብስ ነው ያዘዝኩት፣ ይሄ ቅቅል ነው" ብለው ሳህኑን መለሱልኝ። ልክ ነበሩ። ዛሬ ውሃው ፈልቶ ትንሽ እንደቆየ አወጣዋለሁ፣ አጠነፍፈዋለሁ፣ ወዲያው ፍም ላይ። ቀጭን ዝልዝል ግን መቀቀል አይፈልግም።

የቅመሙን ነገር ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። እሷ የክርስቲያን ጥብስ ቤት አላት፣ ከእኔ ግድግዳ ቀጥሎ። ሥጋችን አይገናኝም፤ ሙያችን ግን ሁሌ ይገናኛል። እሷ ሥጋውን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ለውሳ ታሳድራለች። ለጣዕሙ ብላ ነው። ለእህቴ ልጅ ስነግራት ዘላ ተነሳች። ለካ እንዲህ ተዘፍዝፎ የቆየ ሥጋ ሲጠበስ፣ በተለይ በጥብስ ቅጠል፣ እነዚያ ሄትሮሳይክሊክ አሚኖች ይቀንሳሉ። ጓሮዬ የጥብስ ቅጠል ሞልቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልዘፈዝፍ አልጠብስም።

ጨውም ቀነስኩ። ሚጥሚጣዬ ጨው ይበዛበት ነበር። ደም ግፊት ላለበት ሰው ከጭሱ ይልቅ ይሄኛው ሳይብስ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ከጥብሱ ጎን ጎመንና ሰላጣ ማቅረብ ጀመርኩ። ቃሪያና ሽንኩርትም ፍም ላይ አደርጋለሁ። አትክልት ላይ ሄትሮሳይክሊክ አሚን አይፈጠርም፣ ከሥጋ ነውና የሚመጣው።

አሁን ልቤን ወደ ነካው ልምጣ። እኔ ስለሚበላው ሰው ስጨነቅ፣ የምትረዳኝ ልጅ አጠገቤ ታስል ነበር። ከሰል የምታቀጣጥለው እሷ ናት። በምን? በፌስታል። ቶሎ ይይዛል፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የምናደርገው። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ እሷ ትተነፍሰዋለች፣ ሥጋውም ላይ ያርፋል። በላተኛው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ነው፤ እሷና እኔ በየቀኑ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት የሚወጣ ጭስ በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ፌስታሉን ከለከልኩ። በጭራሮ ነው አሁን የምናቀጣጥለው። ምድጃውንም ከጓዳ አውጥቼ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ነፋስ ወዳለበት አወጣሁት። ዝናብ ሲመጣ ያስቸግራል። ቢሆንም አልመልሰውም።

ደሴ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ ብርዱን ስለማውቀው። ሥጋ ከተጠበሰ በኋላ የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። ጭስ የለውም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ቤተሰብ እንዳለ የሚያልቅበት ነገር ነው።

"እንግዲያው ጥሬውን እንብላ" የሚሉኝም አሉ። አይሆንም። ጥሬ የከብት ሥጋ ኮሶ ያመጣል፣ ሌላም በሽታ አለው። ሥጋ ይብሰል፤ ይረር አላልኩም። የበዓልም ነገር አያስጨንቃችሁ። እዚህ ወሎ አረፋንም ፋሲካንም የምንጠራራ ሰዎች ነን፤ አንድ ቀን የጠገበ ሰው በዚያ አይታመምም። እኔ የቆጠርኩት የዘወትሩን ነው።

ጉዳት የለውም ብዬ አልምልም፣ ይገላል ብዬም አልምልም። ሾፌሩ ክኒን ጀምሯል፣ ጨው ቀንሷል፣ ክብደትም ጥሏል። ግፊቱ ወርዷል። በየትኛው እንደወረደ እሱም እኔም አናውቅም፤ ሐኪሙ ክኒኑን እንዳያቋርጥ ነግሮታል። እኔ ዘንድ የሚመጣው አሁን በሳምንት አንዴ፣ ሩብ ኪሎ ከጎመን ጋር ነው። በሌላው ቀን ሽሮ ወይም ምስር እሠራለታለሁ። ትርፉ ያንሳል። ደብተሩ ላይ ግን ስሙ ከወር ወር አለ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ሥጋውን አውጥቼ ጠቆር ያለውን ጫፍ በቢላ ልቆርጥ ስል እጄን ያዘኝ።

"እቺን ተይልኝ እታለም፣ በሳምንት አንዴ እኮ ነው" አለ።

ተውኩለት።